ማዝዳ 13ቢን ራስዎ በሠሩት አውሮፕላን ላይ ሲገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የማዝዳ 13ቢ ሮታሪ ሞተር ቫልቭም ካምሻፍትም የለውም፤ ውስጡ የሚዞሩት ሁለት ሮተሮች (በፒስተን ፋንታ የሚሠሩ ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍሎች) እና አንድ ሻፍት ናቸው። አየር ላይ ችግር የሚያመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ሳይሆን ዙሪያው የተገጠመለት ነገር ነው።

የዘይት ማቀዝቀዣን ማሳነስ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሮተሮቹን ከውስጥ የሚያቀዘቅዛቸው ዘይት ነው፤ ውሃውና ዘይቱ ተሸክመው ከሚያወጡት ሙቀት ሲሶ ያህሉ የዘይቱ ድርሻ ነው። ለፒስተን ሞተር የሚበቃ ማቀዝቀዣ በአግድም በረራ የሚያብቃቃ ይመስላል። ሽቅብ ሲወጡ ግን ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ይሠራል፣ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ የሚገባው አየር ያንሳል፣ ዘይቱም ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። የሙቀት መለኪያውን ዘይቱ ቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ በሚመለስበት መስመር ላይ ይግጠሙ።

ለራዲያተሩም የአየር መግቢያውን ማስፋት ብቻውን አይረዳም። አየር በጠርዙ በኩል ካመለጠ ወይም መውጫው ከጠበበ ሙቀቱ አይወርድም፤ ዙሪያውን በደንብ ይድፈኑ። ውሃው ከፈላ ጉዳቱ ቀላል አይደለም፦ የሮተሮቹ ቤት አሉሚኒየም፣ የጎን ሽፋኖቹ ደግሞ ብረት ስለሆኑ እኩል አይለጠጡም፣ በመካከላቸው ያሉት የውሃ ጎሚኒዎችም ይበላሻሉ። ከዚያ በኋላ ውሃ እየጎደለ፣ ሞተሩ በቀዝቃዛው ሲነሳ ነጭ ጭስ ይታያል።

ፕሮፔለሩን ያለ ማርሽ ማያያዝ። ሞተሩ ጉልበቱን የሚሰጠው ከ6,000 ዙር በደቂቃ በላይ ነው፤ በዚህ ፍጥነት 1.8 ሜትር ፕሮፔለር ቢዞር ጫፉ ከድምፅ ይፈጥናል። በ2.85 ለ1 መቀነሻ ማርሽ ግን 7,500 ዙር ወደ 2,630 ይወርዳል።

የዘይት መርጫ ፓምፑን ነቅሎ መተው። በሮተሮቹ ጫፍ ላይ ያሉት፣ ጋዝ እንዳያመልጥ የሚዘጉት ማኅተሞች (ሲሎች) የሚለሰልሱት ከቤንዚኑ ጋር በሚቃጠል ዘይት ነው። ፓምፑ ከተነቀለ በእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን ወደ 8 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ሞተር ዘይት ይቀላቀል፤ ለ40 ሊትር 320 ሚሊ ሊትር ማለት ነው።

የመኪና ማርሚታ መጠቀም። የሮታሪ ጭስ ከፒስተን ሞተር ጭስ ይበልጥ ይሞቃል። የማርሚታው የውስጥ ክፍልፋዮች ቀጭን ከሆኑ ይሰነጠቃሉ፤ የተገነጠለ ቁራጭ መውጫውን ከዘጋው ጉልበት በድንገት ይጠፋል። ሙቀት ከሚችሉት ብረቶች ወፍራም 321 ስቴንለስ ወይም ኢንኮኔል ይምረጡ።

ሁለት ካንዴላ አለ ብሎ መዘናጋት። እያንዳንዱ ሮተር ሁለት ካንዴላ ቢኖረውም ኮይሎቹ፣ ኮምፒውተሩና የቤንዚን ፓምፖቹ ከአንድ ባትሪ በአንድ ማብሪያ በኩል ከተመገቡ አንድ የላላ ሽቦ ሞተሩን ያጠፋዋል። ሁለት ባትሪና ሁለት ፓምፕ በተለያየ መስመር ይዘርጉ፤ ከመነሳትዎ በፊትም አንዱን እያጠፉ ሌላው ብቻውን መሥራቱን ይፈትሹ።