የሳጥን እንጨት ስትገዙ ነቀዝ አብራችሁ አትግዙ

ኮምቦልቻ ውስጥ የአናጢ ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፦ «አልጋው ሌሊት ሌሊት ዱቄት ያፈሳል፤ ምን ይሻላል?»

መጀመሪያ ነገር፣ ምስጥና ነቀዝ አታምታቱ። ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ ጭቃ እየለሰነ ይመጣል። ነቀዝ ግን እንጨቱ ውስጥ በዕጭነቱ ሲበላ ከርሞ፣ ጥንዚዛ ሆኖ ቀዳዳ በስቶ ይወጣል።

ቀዳዳውን በሰም መድፈን ከንቱ ነው። የደፈናችሁት የወጣበትን በር ነው፤ ያልወጡት ውስጥ ናቸው። የተቃጠለ ዘይት መቀባትም ያው ነው፤ ዘይቱ ነቀዙ ጋ አይደርስም፣ ሽታው ግን አራስ ቤት ይደርሳል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ደረቅ ወደቡና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከመጡ ወዲህ ማሽን የታሸገበት ሳጥንና ፓሌት እንደ ልብ ይገኛል። ርካሽ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው። ሰዉ ገዝቶ መደርደሪያ ይሠራበታል፤ የተረፈውን ጓሮ ይከምራል፤ ከዚያም ለማገዶ ብሎ ሐይቅና መርሳ ላለ ዘመዱ ይጭናል። ገልብጦ የሚያይ ግን የለም! ተባዩ እንዲሞት በዓለም አቀፉ ደንብ የታከመ የማሸጊያ እንጨት የስንዴ ዛላ የመሰለ ማኅተም፣ የመጣበት አገር መለያና የሕክምናው ዓይነት ይታተምበታል። «ኤች ቲ» ካለው፣ እንጨቱ እስከ መሐሉ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው። ማኅተም የሌለውን በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም። አበዛኸው የሚለኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ዲትሮይት አካባቢ አንድ አረንጓዴ ጥንዚዛ ተገኘ፤ አገሩ ምሥራቅ እስያ ነው፤ ባለሙያዎች በማሸጊያ እንጨት ሳይገባ አልቀረም ይላሉ። ዕጩ ከቅርፊቱ ሥር እየሰረሰረ የዛፉን ምግብና ውኃ መንገድ ይቆርጣል። አሽ የሚሉት ቅጠሉን የሚያረግፍ ዛፍ በብዙ ሚሊዮን ደረቀባቸው። ጥንዚዛውን ሩቅ ለሩቅ ያደረሰውም ክንፉ ብቻ አይደለም፤ ማገዶ የጫነ መኪና ነው። እኛ ደግሞ ሳጥን የምንከምረው ከከተማችን አጠገብ ባለው የጎፍ ደን ግርጌ ነው።

እኔስ? ተበልቻለሁ። ማኅተም የሌለው የሳጥን ጣውላ ለልጄ የሰርግ ሳጥን ካስቀመጥኩት ዋንዛ ጋር ደርድሬ አከረምኩ። «ዋንዛን ነቀዝ አይደፍረውም» ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁና አልሠጋሁም። ክረምቱ ሲወጣ ብገልጠው የዋንዛው ቡናማ ልብ ደህና ነው፤ ነጩ ጠርዙ ግን በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ በሶ ተፈረፈረ። ከዚያ ወዲህ ነጩን ጠርዝ ሳልጠርብ ሳጥን አልሠራም።

ግንድ ከነቅርፊቱ አትከምሩ። ቶሎ ላጡት።

የመጨረሻው ስህተት የችኮላ ነው፤ ቀዳዳ ያየ ሁሉ ዕቃውን ማቃጠል ያምረዋል። ባለፈው አንዲት እናት ከባለቤታቸው የቀረ አልጋ አስጭነው መጡ፤ «ፍለጠው ልጄ» አሉኝ። አብሽሩ እትዬ፣ አልኳቸው፤ ቀዳዳው ውስጡ ነጣ ያለ ከሆነ አዲስ ነው፣ ከጠቆረ የቆየ ነው። የእርስዎ ጠቁሯል። ቢሆንም ጠረግ አድርገው ከሥሩ ጥቁር ላስቲክ ያንጥፉና ይዩት። ከወር በኋላ ላስቲኩን አጥፈው ይዘው መጡ። ዘርግቼ በመዳፌ ዳበስኩት፤ አንድ ቅንጣት ዱቄት የለበትም።