የሜዲኬር ቀጠሮ ፈቃድ በስልክ ሲፈረም፦ ችግርና መፍትሄ

እኛ የኢንሹራንስ ኤጀንቶች ከሜዲኬር (በዋናነት ለአዛውንቶች ከሚሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ተጠቃሚ ጋር ስለ አድቫንቴጅ (ሜዲኬርን በግል ኩባንያ በኩል ስለሚያቀርበው ፕላን) ወይም ስለ ፓርት ዲ የመድኃኒት ፕላን ለመነጋገር ከመቀመጣችን በፊት፣ ሰውየው ስለ ምን ለመነጋገር እንደፈቀዱ የሚያሳይ ቅጽ በእጃችን መኖር አለበት። በየቢሯችን «ስኮፕ» የምንለው እሱ ነው። ዛሬ አብዛኞቻችን ሊንክ ልከን በስልክ እናስፈርማለን። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ካሉ የሐበሻ አዛውንቶች ጋር ስሠራ ደጋግመው የገጠሙኝን ችግሮች ከነመንስኤያቸው ልጻፍላችሁ። ደንቡ በየዓመቱ ይከለሳል፤ እዚህ ያለው በ2025 ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 በነበረው ምዝገባ የሠራንበት ነውና የያዛችሁትን ዓመት ከኩባንያው ስልጠና አመሳክሩ።

«ምንም አልመጣልኝም»

ሲስተሙ «ተልኳል» ይላል፣ እማማ ግን ምንም አላዩም። መጀመሪያ የሰጡንን ቁጥር እንይ። የቤት ስልክ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቴክስት አይቀበልም። ኢሜይል ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የልጃቸው ነው፤ ልጅየው ሥራ ላይ ነው፣ ወይም መልእክቱ ስፓም ውስጥ ገብቷል። ቁጥሩን ስንቀበል «ይሄ ስልክ ቴክስት ይቀበላል? የማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ ይሄ ሁሉ አይመጣም።

ሊንኩ ደርሶ ያልተከፈተበት ጊዜም አለ። ልጆቻቸው «የማታውቁትን ሊንክ እንዳትነኩ» ብለው አስጠንቅቀዋቸዋል፤ ደግ አደረጉ። ስለዚህ ከየትኛው ቁጥር፣ መቼ፣ ምን የሚል መልእክት እንደሚመጣ ቀድመን እንንገራቸው።

ተፈርሟል፣ ኮምፕላያንስ (ደንብ መከበሩን የሚያጣራው ክፍል) ግን መለሰው

እኔ ካየሁት ትልቁ ምክንያት 48 ሰዓት ነው። ከሴፕቴምበር 30፣ 2023 ጀምሮ፣ በ2025ቱ ምዝገባም ጭምር፣ ቅጹ ከቀጠሮው ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ መጠናቀቅ ነበረበት። «ሁለት ቀን» ብሎ በግምት መቁጠር አይሆንም፤ ኤሌክትሮኒክ ቅጽ የተፈረመበትን ደቂቃ ይመዘግባል።

አንዲት እናት ማክሰኞ ማታ በአሜሪካኑ 8፡00 ላይ ፈረሙልኝ። ቀጠሮውን «ሐሙስ በሦስት ሰዓት» አሉኝ፣ እኔም ከሰዓት በኋላ 3፡00 ብዬ መዘገብኩ። ያ ራሱ 43 ሰዓት ነው፤ አምስት ይጎድለዋል። እሳቸው ደግሞ የጠዋቱን ሦስት ሰዓት፣ በአሜሪካኑ 9፡00 ማለታቸው ነበር። ሐሙስ ጠዋት ቡና አፍልተው፣ የመድኃኒት ጠርሙሶቻቸውን በፌስታል ሰብስበው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሲጠብቁኝ እኔ ሌላ ደንበኛ ጋ ነበርኩ። ደውዬ ይቅርታ ጠይቄ ወደ ዓርብ አዛወርነው። ቡናው ቀዝቅዞ መቅረቱ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ የምይዘው ፊርማው ከገባ በኋላ ነው። ቅጹ የመዘገበውን የፊርማ ሰዓት አይቼ 48 ሰዓት እጨምርና ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ብቻ እሰጣለሁ፤ ስናገርም «በሐበሻ ከጠዋቱ አራት፣ በአሜሪካ አሥር ሰዓት» እላለሁ። ሁለት ልዩ ሁኔታዎች ነበሩ፦ የምዝገባ ጊዜው ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው (ከላይ ባልኩት ምዝገባ ከዲሴምበር 4 እስከ 7) የተፈረመ ቅጽ፣ እና ደንበኛው ያለ ቀጠሮ በራሳቸው ፈቃድ ቢሯችን ሲመጡ። በሁለቱም ቅጹ አይቀርም ነበር፤ የሚቀረው የ48 ሰዓቱ ጥበቃ ነበር። ቀኑን ወደ ኋላ መጻፍ ግን ማጭበርበር ነው፤ የሥራ ፈቃዳችንን ሊያሳጣን ይችላል፤ ከዚያም በላይ ለሳቸው ማሰቢያ የተሰጠውን ጊዜ መስረቅ ነው።

ስሙ አልገጠመም

ፀሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ይጨመርበታል፣ ሌላ ቦታ ይቀራል። የአባት ስም በአንዱ መታወቂያ መካከለኛ ስም፣ በሌላው የቤተሰብ ስም ሆኖ ገብቷል። በኋላ ማመልከቻው ከቅጹ ጋር ሲነጻጸር የሁለት ሰው ይመስላል። ቀዩን፣ ነጩንና ሰማያዊውን የሜዲኬር ካርድ አውጥተው ስማቸውን ፊደል በፊደል እንዲያነቡልን እናድርግ። ቁጥሩን ግን አንጠይቅ፤ የሲኤምኤስ (ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ናሙና ቅጽ ቁጥሩን አይፈልግም፣ እሳቸውም ቁጥራቸውን በስልክ የመስጠት ልማድ ባያዳብሩ ይሻላል።

ልጅቷ ፈረመች

ይሄ በእኛ ሰው ዘንድ በክፋት አይመጣም። ልጅቷ ለእናቷ ሁሉን ነገር ታደርጋለች፤ ይሄንንም «እኔ ልጨርሰው» ብላ ትነካዋለች። ነገር ግን በእናቷ ስም ልትፈርም የምትችለው በስቴቱ ሕግ ሥልጣን ያላት ወኪል ከሆነች፣ ለምሳሌ የሚሠራ የውክልና ሰነድ ካላት ብቻ ነው። ያኔ በወኪል ቦታው ላይ የራሷን ስምና ዝምድናዋን ጽፋ ትፈርማለች። ሜዲኬር መረጃ እንዲሰጣት እናቷ የሞሉት የፈቃድ ቅጽ ውክልና አይደለም፤ ብዙዎች ሁለቱን ያምታታሉ። ውክልና ከሌላት አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታንብብላቸው፣ ትተርጉምላቸው፤ የሚፈርሙት እናት ናቸው።

አንዳንዴ ልጅቷ የምትገባው ጣት ስለሚያስቸግር ነው። አንድ አባት ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲፈርሙ መስመሩ እየተቆራረጠ «ይሄማ የኔ ፊርማ አይደለም» ብለው ሦስት ጊዜ አጠፉት። ስልኩን ወደ ጎን አዙረን፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተን፣ ቦታው ሲሰፋላቸው በአንድ ጊዜ ፈረሙ። ፊርማው የባንኩን መምሰል የለበትም፤ በ2000 የወጣው የፌዴራል ሕግ ፊርማ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ይከለክላል። ጭራሽ ካልሆነላቸው ወረቀት አለ፣ በስልክ ድምፅ ተቀድቶም ይሆናል።

ያልተፈረመበት ነገር ተነሳ

ፓርት ዲ ብቻ መርጠው ፈርመዋል። መሃል ላይ «ለጥርስስ?» ብለው ወደ አድቫንቴጅ ይገባሉ። ጠያቂው እሳቸው ቢሆኑም እዚያው አንቀጥልም፤ ለተጨማሪው ሌላ ቅጽ ይሞላል። ሊንኩን ስንልክ ቅጹ ላይ የሚነጋገሩበትን ነገር የሚመርጡባቸውን ሳጥኖች ትርጉም አንድ በአንድ ካስረዳናቸው ይሄ ይቀንሳል። ሳጥኑን ግን እኛ አንሙላላቸው። የሕይወት ኢንሹራንስና አኑዊቲ (ገንዘብ ከፍለው በኋላ በየጊዜው የሚከፈልዎት ውል) ደግሞ በዚህ ቀጠሮ ላይ በፍጹም አይነሱም።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ደንበኛው ፈርመው ቅጹ «አልተጠናቀቀም» ካለ የኛ ክፍል ባዶ ነው፦ መጀመሪያ እንዴት እንደተገናኘን፣ የምንወክለው ፕላን፣ ፊርማችን። ያምናውን ቅጽ የምትጠቀሙ ከሆነ ከፊርማው ቀን 12 ወር ካለፈው አይሠራም። ባይመዘገቡም እንኳ ቅጹ 10 ዓመት ይቀመጣል፤ ስለዚህ አፑ ውስጥ ብቻ አትተዉት፣ ስልክ ይጠፋል፣ አፕም ይቀየራል።

«አልፈርምም»

ይሄን ብዙ ኤጀንት እንደ ግትርነት ያየዋል። እኔ ግን አዛውንቶቹን እረዳቸዋለሁ። ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው፣ ስልኩ ቀኑን ሙሉ በአጭበርባሪ ጥሪ ይጮኻል፣ ፊርማ ደግሞ ለነሱ ከባድ ነገር ነው፤ በፊርማ ቤት ይሸጣል፣ ሰው ዋስ ይሆናል። «ዝም ብለው ይንኩት» ማለት ጥርጣሬያቸውን ነው የሚያጸናው። ሊንኩን ከመላካችን በፊት ሦስት ነገር በአማርኛ እንንገራቸው፦ ይሄ ፊርማ የትም አያስመዘግብም፣ አሁን ያላቸውን ሽፋን አይነካም፣ ከተነጋገርንም በኋላ እምቢ ማለት ይችላሉ። ሦስቱም ቅጹ ላይ የተጻፉ ናቸው። ከዚያ እሳቸው በራሳቸው አባባል መልሰው ይንገሩን፤ «እና ይሄ ለማውራት ብቻ ነው?» ሲሉ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

አሁንም ካልፈለጉ ይቅር። 1-800-633-4227 ደውለው «አማርኛ» ቢሉ ሜዲኬር በነፃ አስተርጓሚ ያቀርብላቸዋል፤ ሺፕ የሚባለው ነፃ የምክር አገልግሎትም አለ፣ በቨርጂኒያ ቪካፕ ይሉታል። ቁጥሩን በትልቁ ጽፌ ፍሪጃቸው ላይ እንዲለጥፉት እሰጣቸዋለሁ።