የሰው መሬት ያረሰ ቅድመ አያትን ሲፈልጉ የሚሠሩ ስህተቶች

በጎጃም ጢሰኛ፣ የእኩል አራሽ ወይም በቅጥር ያጨደ ሰው በራሱ ጉዳይ የተጻፈ ወረቀት ትቶ ማለፉ ብርቅ ነው። ስሙ ካለም ያለው በሌላ ሰው ጉዳይ ውስጥ ነው፦ በባለርስቶች ክርክር ምስክር ወይም ዋስ ሆኖ፣ አለዚያም በልጁ የመሬት ደብተር ላይ የአባት ስም ሆኖ። ፍለጋው ብዙ ጊዜ መንገድ የሚስተው ይህ ሲዘነጋ ነው።

ከልደት ምስክር ወረቀት መጀመር

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ማብቂያ ነው። በ1910ዎቹ የተወለደን ገበሬ ልደት ቀበሌ ሄዶ መጠየቅ ቀን ማቃጠል ነው። ከቅርቡ ወደ ሩቁ ሂዱ። መጀመሪያ የቤተሰቡን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አስወጡ፤ የባልና የሚስት ስም ከነአባታቸው፣ የአዋሳኞችም ስም አለበት። አዋሳኞቹን ሁሉ ጻፉ፤ ጎረቤት የሆነው ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው። ቀጥሎ የ1989ኙን የመሬት ሽግሽግ ዝርዝር፣ ከዚያም የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የተቋቋመውን የገበሬ ማኅበር መዝገብ ጠይቁ። ለብዙ ጢሰኛ ስሙ በባለይዞታነት የተጻፈው ያኔ ነው፤ መዝገቡ ከተገኘ እንደ ወርቅ ያዙት።

የቃላድ መዝገብ መፈለግ

በሸዋና በደቡብ ቃላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) እየተጣለ መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተመድቧል። የጎጃም ገበሬ ግን መሬቱን አላስለካም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ካመፀበት ምክንያት አንዱ መሬቴ ሊለካ ነው የሚል ስጋት ነበር። ስለዚህ «ስንት ጋሻ (የመሬት ስፍር) ነበረው?» ብሎ መጠየቅ እዚህ መልስ የለውም። የድሮ የግብር ደረሰኝ ቢገኝም ግብሩ ብዙ ቦታ በአቅኚው አባት (መሬቱን መጀመሪያ ባቀናው የዘር አባት) ስም በጅምላ ይደለደል ስለነበር የአራሹን ስም አትጠብቁበት።

«ርስት አልነበረውም» ሲባል ማመን

ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል። አንድ ሰው በአንዱ አጥቢያ ጢሰኛ ሆኖ እያረሰ፣ በእናቱ ወይም በሴት አያቱ በኩል በሌላ አጥቢያ ርስት የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይችላል። አቅም ስላጣ፣ ስለራቀ ወይም ተከራክሮ ስለተረታ አልያዘው ይሆናል። ጢሰኛነት በዚያ አጥቢያ የነበረውን ቦታ እንጂ የዘሩን ሐረግ አይነግራችሁም። ስለዚህ የእናቱን፣ የሚስቱንና የሁለቱን ሴት አያቶቹን አጥቢያ ለይታችሁ በየአጥቢያው ጠይቁ። ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትለውጥ፣ የሚስቱ ሙሉ ስም የአማቱን ማንነት ይሰጣችኋል።

ሽማግሌዎችን «ዘሩን ቁጠሩልን» ብትሏቸው የሚቆጥሩት ታዋቂውን አባት ነው። «ከነማን ጋር አትጋቡም?» ብላችሁ ጠይቁ። ለጋብቻ ሰባት ቤት ስለሚቆጠር ርስት የሌለውም፣ የተረሳውም ቅርንጫፍ በዚህ ጥያቄ ይወጣል።

የርስት ክርክር ላይ ያለውን ትውልድ እንዳለ መቀበል

የፍርድ ቤት መዝገብ ሀብታም ምንጭ ነው፤ ግን ተከራካሪው ዘሩን የቆጠረው መሬት ለማግኘት ነው። አንድ አባት ይዘላል፣ አንድ ይጨምራል። የተቃራኒውን ወገን ቆጠራ ከጎኑ አስቀምጡና ሁለቱ የተስማሙበትን ብቻ በቀለም ጻፉ፣ የተለያዩበትን በእርሳስ። ለእናንተ ሰው ግን ከሁሉም የሚበልጠው የምስክሮቹ ዝርዝር ነው፤ የምስክር ዕድሜ፣ አጥቢያና ሥራ ከተመዘገበ እዚያ ታገኙታላችሁ።

በቤት ስም ቤተ ክርስቲያን መጠየቅ

ካህናቱ ለፍትሐትም ለተዝካርም የሚጠሩት የክርስትና ስሙን ነው። የቤተሰቡን የነፍስ አባት ካላገኛችሁ ወልደ ሚካኤል ይሁን ገብረ ሥላሴ አታውቁም። በጥንታዊ ደብሮች የብራና ወንጌል ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና የግዥ ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። መጽሐፉን ለማየት ከወረዳው ቤተ ክህነት ደብዳቤ ይዛችሁ ቄሰ ገበዙን ጠይቁ፤ ፎቶ ከተፈቀደ ያለ ፍላሽ አንሱ።

ዕድሜን እንደተነገረ መጻፍ

«ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበር» ከተባለ ያ ጊዜ 1928 ነው፤ እረኛ ከ7 እስከ 12 ዓመት ቢሆን ልደቱ ከ1916 እስከ 1921 ይወድቃል። አንድ ዓመት ብቻ አትምረጡ፣ ከነልዩነቱ ጻፉ። «ዘመነ ሉቃስ ነው» የሚል ካለ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። ከላይ ካሉት ዓመቶች በዘመነ ሉቃስ የሚገኘው 1919 ብቻ ነው። የውጭ ሰው የጻፈው ወረቀት ከሆነ የ7 ወይም የ8 ዓመቱን ልዩነት አትርሱ።

በዛሬው ወረዳ ስም መፈለግ

የንጉሡ ዘመን ፋይል በጎጃም ጠቅላይ ግዛት በአውራጃ ነው የሚቀመጠው፦ ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ ባሕር ዳር፣ አገው ምድር፣ መተከል። መተከል ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ነው። አጥቢያውን በታቦቱ ስም ካወቃችሁ የወረዳው ስም ቢለዋወጥም አትጠፉም።

ስሙን ስትፈልጉ ፊደሉንም አገላብጡ፤ ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ፣ ዓለሙና አለሙ ለጸሐፊው አንድ ነበሩ። የፊደል ተራ የያዘ ዝርዝር ከሆነ በእያንዳንዱ ፊደል ሥር እንደገና ፈልጉ።