በጀርመን የካቶሊክ ፋውንዴሽን እንዴት ይቋቋማል? በመንግሥትም በቤተ ክርስቲያንም ሕግ እንዲጸና

አንዲት ባልቴት አሉ እንበል። የሚኖሩት ሙኒክ ነው። ልጅ የላቸውም። አንድ አፓርታማና የተጠራቀመ ጥቂት ገንዘብ አላቸው። ሐሳባቸው ቀላል ነው። እሳቸው ሲያልፉ ቤቱ ይከራይ። ከኪራዩ በየዓመቱ ለባላቸውና ለእሳቸው ነፍስ ቅዳሴ ይቀደስ። የተረፈው ለችግረኛ ልጆች ትምህርት ይዋል። ይህን በኮምፒውተር አሳምረው ጻፉ፣ በፕሪንተር አወጡ፣ ፈረሙበት። ከጸሎት መጽሐፋቸው ጋር መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት።

ሲያርፉ ወረቀቱ ተገኘ። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ያ ወረቀት ኑዛዜ አይደለም። አንቀጽ 2247 እንደሚለው፣ ሰው ያለ ኖታሪ (ሰነድ አረጋጋጭ የሕግ ባለሙያ) ሲናዘዝ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በገዛ እጁ ጽፎ መፈረም አለበት። በማሽን በተጻፈ ወረቀት ላይ ፊርማ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ አፓርታማው በሕግ ለሚወርሱት የወንድም ልጆች ሄደ።

የቤተ ክርስቲያን ሕግ ይህንኑ ጉዳይ በሌላ ዓይን ያየዋል። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ ቁጥር 1299 እንዲህ ያዛል፦ ለቤተ ክርስቲያን ጥቅም የተደረገ ኑዛዜ ከተቻለ የመንግሥትን ሕግ ፎርም ይጠብቅ፤ ፎርሙ ከተዘለለ ግን ወራሾቹ የተናዛዡን ፈቃድ የመፈጸም ግዴታ እንዳለባቸው ይነገራቸው። ይነገራቸው ነው የሚለው። የወንድም ልጆቹ በጎ ሕሊና ካላቸው ይፈጽማሉ። ከሌላቸው የሚያስገድዳቸው ፍርድ ቤት የለም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ክፍተት ነው። አንድ የካቶሊክ ፋውንዴሽን ሁለት ጊዜ መወለድ አለበት፤ አንዴ በመንግሥት ሕግ፣ አንዴ በቤተ ክርስቲያን ሕግ። አንዱ ልደት ሌላውን አይተካም። ምሳሌዬን ከጀርመን የወሰድኩት ሁለቱ ሕጎች እዚያ በጽሑፍ ተነጋግረው ስለተቀመጡ ነው። ብዙ ወገኖቻችንም እዚያ ይኖራሉ።

1. መጀመሪያ የማን እንደሚሆን ይወስኑ

ፋውንዴሽን አባል የለውም፣ ባለአክሲዮን የለውም። ለአንድ ዓላማ የተመደበው ንብረት ራሱ በሕግ ፊት እንደ ሰው ይቆጠራል። ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ቤት በስሙ ያስመዘግባል።

ካቶሊክ ያቋቋመው ፋውንዴሽን ሁሉ ግን የቤተ ክርስቲያን አይደለም። አውግስቡርግ ከተማ ያለውን የፉገራይ ሰፈር ይመልከቱ። ሀብታሙ ነጋዴ ያኮብ ፉገር በ1521 ለችግረኞች የመሠረተው ሰፈር ነው። ዛሬም ነዋሪው የሚከፍለው መሠረታዊ ኪራይ በዓመት 88 ሳንቲም ዩሮ ነው። ነዋሪው ካቶሊክ መሆን አለበት፤ በየቀኑም አባታችን ሆይ፣ ሰላም ለኪ ማርያምና ጸሎተ ሃይማኖት እንዲጸልይ ይጠበቅበታል። ከዚህ በላይ ካቶሊክ ምን አለ? ቢሆንም የሚያስተዳድሩት የፉገር ቤተሰብ ፋውንዴሽኖች እንጂ ሀገረ ስብከቱ አይደለም። መሥራቹ የፈለገው እንዲያ ነበርና እንዲያው ጸንቶ ኖረ።

በተቃራኒው ደግሞ የጎኽ ከተማ ሆስፒታል አለ። የካቶሊክ ፋውንዴሽን ሆስፒታል ነው። የሠራተኛ ማኅበር በመንግሥት ሕግ መሠረት የሠራተኞች ምክር ቤት ይመረጥበት ብሎ ክርክር ተነሣ። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ኦክቶበር 11 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ የቤተ ክርስቲያን ራስን በራስ የማስተዳደር መብት በጳጳሱና በቁምስናው (በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን) ብቻ አያበቃም አለ። የቤተ ክርስቲያንን ተልእኮ በከፊል የሚፈጽምና ከእርሷ ጋር የተሳሰረ ተቋም፣ የሕግ ቅርጹ ምንም ይሁን ምን፣ ይህ መብት ይደርሰዋል። እስከ ዛሬ ጠበቆች ጎኽን ሳይጠቅሱ ስለዚህ ጉዳይ አያወሩም።

ስለዚህ ራስዎን ይጠይቁ። ሥራው በጳጳሱ ጥላ ሥር እንዲሆን ይፈልጋሉ? ወይስ የካቶሊክ መንፈስ ኖሮት በቤተሰብና በመንግሥት ቁጥጥር ብቻ ይኑር? ሁለቱም የተከበረ መንገድ ነው። ሳይወስኑ መጻፍ መጀመር ግን አይገባም። ዝም ብሎ «ካቶሊካዊ» የሚል ቃል ደንቡ ውስጥ ጥሎ ማለፍ ነገ ልጆችዎንና ሀገረ ስብከቱን ያጋጫል።

2. ራሱን የቻለ ወይስ የተጠጋ?

የቀኖና ሕግ ቁጥር 1303 ሁለት ዓይነት ፋውንዴሽን ያውቃል። አንደኛው ራሱን የቻለ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን በውሳኔ የሕግ ሰውነት ይሰጠዋል። ሁለተኛው የተጠጋ ነው፤ ገንዘቡ ወይም ቤቱ ቀድሞ የሕግ ሰውነት ላለው ለቁምስና፣ ለገዳም ወይም ለሀገረ ስብከት ይሰጣል። ተቀባዩ ከዓመታዊ ገቢው ቅዳሴ ያስቀድሳል ወይም የተባለውን በጎ ሥራ ይሠራል።

የመንግሥት ሕግም ተመሳሳይ መልክ አለው። ራሱን የቻለው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 80 ጀምሮ ይገኛል። ይህ ክፍል ተሻሽሎ ከጁላይ 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የተጠጋው ግን የመንግሥት እውቅና አያሻውም፤ በውል ወይም በኑዛዜ ብቻ ይቆማል።

የትኛው ይሻላል? እኔ በግልጽ እናገራለሁ፦ ለአብዛኛው ሰው የተጠጋው ይሻላል። ሕጉ ዝቅተኛ የገንዘብ መጠን አይወስንም፤ ሆኖም መንግሥት እውቅና የሚሰጠው ዓላማው በዘላቂነት እንደሚፈጸም ሲያምን ነው። በተግባር የየክፍለ ግዛቱ ቢሮዎች ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ዩሮ አካባቢ ይጠብቃሉ። ያ ገንዘብ ደግሞ ዋናው አይነካም፤ የሚሠራው ወለዱ ወይም ኪራዩ ነው። ቦርድ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የባንክ ወጪ ሲቀነስ ለልጆቹ ትምህርት ምን ይተርፋል? የባልቴቷ አንድ አፓርታማ በቁምስናው ወይም በሀገረ ስብከቱ ሥር ቢጠጋ ያ ሁሉ ወጪ ይቀርላቸዋል።

የተጠጋው አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ዘላለማዊ አይደለም። ቀኖናው «ለረጅም ጊዜ» ይላል፤ ዓመቱን የሚወስነው የየሀገረ ስብከቱ ደንብ ነው። ጊዜው ሲያልቅ፣ ተቀባዩ በጳጳሱ ሥር ያለ ከሆነና መሥራቹ ሌላ ካላለ፣ ንብረቱ ለካህናት መደገፊያ ወደተቋቋመው ፈንድ ይሄዳል። ስለዚህ ሌላ ከፈለጉ ዛሬውኑ ይጻፉት።

ራሱን የቻለውን ከመረጡ አንድ ጥያቄ ይቀራል። በቀኖና ዓይን ሕዝባዊ ይሁን ወይስ ግላዊ? ሕዝባዊ ከሆነ በቤተ ክርስቲያን ስም ይሠራል፣ ንብረቱም የቤተ ክርስቲያን ንብረት ይባላል፤ ለመሸጥ፣ ለመለወጥ የቀኖናው ጥብቅ ሕግ ይይዘዋል። ግላዊ ከሆነ በአብዛኛው የሚመራው በራሱ ደንብ ነው።

3. ደንቡን ሲጽፉ

የመንግሥት ሕግ አራት ነገር የግድ ይጠይቃል፦ ስም፣ መቀመጫ ከተማ፣ ዓላማና ቦርዱ እንዴት እንደሚቋቋም። በዚያ ላይ የሚሰጡት ንብረት በግልጽ ይጠቀሳል። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። እኔ የምለምንዎት ሰዎች የሚዘሏቸውን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች እንዲጽፉ ነው።

የመጀመሪያው ስለ ሽያጭ ነው። በቀኖና ቋሚ ንብረት ለመሸጥ የበላይ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ቀኖና 1296 ግን አንድ ክፉ ዕድል መኖሩን ያውቃል፦ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ሳይጸና በመንግሥት ሕግ የጸና ሽያጭ። መድኃኒቱ ፈቃዱን ደንቡ ውስጥ ማስገባት ነው። «ቦርዱ ያለ ሀገረ ስብከቱ የጽሑፍ ፈቃድ ቤት መሸጥም ማስያዝም አይችልም» ብለው ይጻፉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደንቡ የቦርዱን የመወከል ሥልጣን በሦስተኛ ወገን ላይ ጭምር እንዲገድብ ይፈቅዳል። ያኔ የቤተ ክርስቲያን ሕግ የመንግሥት ጥርስ አወጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስለ ቅዳሴ ነው። አንድ ሰው ድሮ በዓመት 12 ቅዳሴ ብሎ ገንዘብ ያስቀምጣል። ዓመታት ሲያልፉ ገንዘቡ ዋጋ ያጣል፣ ለቅዳሴ የሚሰጠው መባ ይጨምራል። ገቢው ለ3 ቅዳሴ እንኳ አይበቃም። ካህኑ በገዛ ፈቃዱ መቀነስ አይችልም፤ በቀኖና 1308 መሠረት የቅዳሴን ግዴታ መቀነስ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. የቅድስት መንበር (የሮማው ጳጳስ አስተዳደር) ሥልጣን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ነው። ሰነዱ ውስጥ «ገቢው ካነሰ ጳጳሱ መቀነስ ይችላሉ» የሚል ከተጻፈ ደግሞ የመሥራቹ ፈቃድ ግልጽ ይሆናል። አንድ መስመር ነው፤ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

ሦስተኛው ፋውንዴሽኑ ቢፈርስ ንብረቱ የት ይሂድ የሚለው ነው። የተቀባዩን ሙሉ ሕጋዊ ስም ይጻፉ። «ለቤተ ክርስቲያን» ብቻ አይበሉ። በባቫሪያ ለምሳሌ የቁምስናው ሕንፃ ብዙውን ጊዜ የሚመዘገበው የቤተ ክርስቲያኑ ራሱ በሆነ ጥንታዊ ፋውንዴሽን ስም ነው። ቁምስናው፣ ያ ፋውንዴሽንና ሀገረ ስብከቱ ሦስት የተለያዩ የሕግ ሰዎች ናቸው። የትኛው? ቆሞሱን (የቁምስናውን ኃላፊ ካህን) ቢጠይቁ ይነግሩዎታል።

4. መጀመሪያ ሀገረ ስብከት፣ ከዚያ መንግሥት

ብዙዎች ተገላቢጦሽ ያደርጋሉ። ረቂቁን ይዘው ቀድመው ወደ ሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። የተጠጋ ከሆነ ቁምስናው እንኳ ያለ ጳጳሱ ወይም ያለ ወኪላቸው የጽሑፍ ፈቃድ በትክክል መቀበል አይችልም፤ ቀኖና 1304 ነው። ራሱን የቻለ ከሆነ ደንቡ መጽደቅ አለበት።

ከዚያ ወደ ክፍለ ግዛቱ ባለሥልጣን ይሄዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 88 ስለ ቤተ ክርስቲያን ፋውንዴሽኖች የወጡ የክፍለ ግዛት ሕጎችን አይነካም፤ እነዚያ ሕጎች ደግሞ በብዛት የቤተ ክርስቲያኒቱን ስምምነት ይጠይቃሉ። ቁጥጥሩንም ለእርሷ ይተዋሉ። መሠረቱ የቆየ ነው። ጀርመንና ቅድስት መንበር በ1933 የተዋዋሉት ስምምነት (ኮንኮርዳት) አንቀጽ 13 በቤተ ክርስቲያን አካላት የሚተዳደሩ ፋውንዴሽኖች በመንግሥት ሕግ መሠረት የሕግ ሰውነት እንዲኖራቸው ይላል። ሕገ መንግሥቱም የሃይማኖት ማኅበራትንና የፋውንዴሽኖቻቸውን ንብረት ይጠብቃል።

በመጨረሻ ጳጳሱ የማቋቋሚያ ውሳኔውን ይፈርማሉ። ሁለቱንም ወረቀት ሳይዙ አያርፉ። የመንግሥት እውቅና ያለው ሁሉ የቀኖና የሕግ ሰውነት አለው ማለት አይደለም።

የግዕዝ ሥርዓት ምእመን ከሆኑ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ነው የሚመለከትዎት። ከቁጥር 1043 እስከ 1054 ያለው በመንፈስ ተመሳሳይ ነው። ስጦታውን የሚቀበለው የላቲን ቁምስና ከሆነ ግን ተቀባዩ በራሱ ሕግ ነው የሚቀበለው።

5. ቤተሰብና ግብር

ልጆች፣ የትዳር ጓደኛ፣ አንዳንዴም ወላጆች በጀርመን የግድ ድርሻ አላቸው። ከውርስ ቢነቀሉም በሕግ ይደርሳቸው ከነበረው ግማሹን በገንዘብ ይጠይቃሉ። በሕይወት እያሉ ቢሰጡም ከሞትዎ በፊት ባሉት 10 ዓመታት የሰጡት ይቆጠራል፤ በየዓመቱ አንድ አሥረኛ እየቀነሰ። ስጦታው ለበጎ ዓላማ መሆኑ አያድነውም። ስለዚህ ከልጆችዎ ጋር አሁን ተነጋገሩ፤ ከተቻለ መብታቸውን በኖታሪ ፊት ይተዉ። የወንድም ልጆች ይህ መብት የላቸውም። ባልቴቷ ያችን አንድ ገጽ በእጃቸው ቢጽፉ ኖሮ ፈቃዳቸው ይጸና ነበር።

ስለ ግብር ባጭሩ፦ ለሕዝብ ጥቅም፣ ለችግረኛ መርጃና ለቤተ ክርስቲያን ዓላማ የቆመ ፋውንዴሽን ነፃ ይሆናል። ደንቡ ግን የግብር ሕጉ አባሪ ላይ ያሉትን ቃላት መያዝ አለበት። ከመፈረምዎ በፊት ረቂቁን ለግብር ቢሮው ያሳዩ።

6. ከተወለደ በኋላ

የመሥራች ሰነዱ በሁለት ቅጂ ይቀመጣል፤ አንዱ በሀገረ ስብከቱ መዝገብ ቤት፣ ሌላው በተቀባዩ ዘንድ። በቃል የተነገረ እንኳ ቢሆን በጽሑፍ መስፈር አለበት። ሒሳብ በየዓመቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ባለሥልጣን ይቀርባል።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ቀኖና 1307 የፋውንዴሽኖቹ ግዴታዎች ዝርዝር እንዳይረሳ በግልጽ ቦታ እንዲለጠፍ ያዛል። ቆሞሱም እያንዳንዱ ግዴታ መፈጸሙን የሚጽፉበት መዝገብ ይይዛሉ። ቤተሰብዎ የሰጠው ካለ ቆሞሱን አስፈቅደው ይዩት። የአባትዎ ስምና የቅዳሴው ቀን ዝርዝሩ ላይ ከሌለ፣ የስጦታውን ወረቀት ቅጂ ይዘው ወደ ሀገረ ስብከቱ ይሂዱ። በቀኖና 1301 መሠረት የሟቾች መንፈሳዊ ኑዛዜ ሁሉ አስፈጻሚው ጳጳሱ ናቸው፤ ሊሰሙዎት ግዴታ አለባቸው።