በመጨረሻው ሲዝን ላይ ስንከራከር፦ የገፀ ባሕርይን ዕድገት ስንመዝን ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አንድ ተከታታይ ኮሜዲ ሲያልቅ ክርክሩ ከሳቁ ይረዝማል። በደብረ ብርሃን ካፌዎችም ሆነ በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ክፍሎች፣ ከብዙ ዓመት በፊት የተጠናቀቁ የአሜሪካ ኮሜዲዎች ዛሬም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጡ ይታያሉ፤ አንዱ ትናንት የጨረሰውን ሌላው ነገ ስለሚጀምረው ሙግቱ አያረጅም። ሙግቱ ሁልጊዜ የሚያርፈው እዚያው ጥያቄ ላይ ነው፦ ይህ ሰው አድጓል ወይስ ያው እንደ ጥንቱ ነው? በእኔ እምነት ለዚህ ጥያቄ አስተማማኙ መለኪያ፣ የቀድሞ ጉድለቱ ሊጠቅመው ወይም ሊያስደስተው በሚችልበት ሰዓት ገፀ ባሕርይው ምን መረጠ የሚለው ነው። ቀጥሎ የማነሣቸው ስህተቶች ከዚህ መለኪያ የሚያርቁን ናቸው። የምጠቅሳቸውን ኮሜዲዎች ገና ያላየ አንባቢ መጨረሻቸውን እዚህ እንደሚያገኝ ከወዲሁ ይወቀው።

በእኛ አካባቢ ሥር የሰደደው ስህተት ዕድገትን በወግ ማዕረግ መለካት ነው። የሰሜን ሸዋ ሽማግሌ ሲመርቅ «ወግ ማዕረግ ያሳይህ» ይላል፤ ወግ ማዕረጉም ጎጆ መውጣት፣ መዳርና መውለድ ነው። ምርቃቱ መልካም ነው፤ ወደ ድራማ ሲገባ ግን ያገባው ሁሉ ያደገ፣ ያላገባው ሁሉ የቀረ ያስመስላል። ሁለት ወጣቶች ስለ ፍሬንድስ መጨረሻ ሲሟገቱ አጠገባቸው ሻይ ይጠጡ የነበሩ አዛውንት «ለመሆኑ ልጅቷ ተዳረች ወይስ አልተዳረችም?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። «አልተዳረችም ጋሼ፣ ግን ታርቀዋል» ሲባሉ «እንግዲያው ምኑን አለቀ!» አሉ። ወጣቶቹ ሳቁ እንጂ የራሳቸውም ሙግት ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

የፍሬንድሷን የሬቸልን ጉዳይ እንየው። በመጀመሪያው ክፍል ከሠርጓ ሸሽታ፣ የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች ወደ ቡና ቤቱ ትገባለች፤ በዚያው ክፍል መጨረሻ በአባቷ ገንዘብ የሚከፈልባቸውን ክሬዲት ካርዶች በመቀስ ትቆራርጣለች። ከዚያ ከአስተናጋጅነት ተነሥታ በፋሽን ሥራ ደረጃ በደረጃ ታድጋለች። እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 2004 በተላለፈው የመጨረሻ ክፍል ደግሞ ፓሪስ የሚጠብቃትን ሥራ ትታ ከአውሮፕላን በመውረድ ወደ ቀድሞ ፍቅረኛዋ ወደ ሮስ ትመለሳለች። «ፍቅሯን አገኘች፣ ስለዚህ አደገች» የሚለውም፣ «ሥራዋን ተወች፣ ስለዚህ ወደ ኋላ ሄደች» የሚለውም የሚቆጥሩት ውጤቱን ብቻ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሌሎች ካሰናዱላት ኑሮ የሸሸችው ሴት በመጨረሻ የወሰነችውን በራሷ ወስናለች ወይ የሚለው ነው። ሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ተከትሎ ሲለምናት እንደማትችል ነግራው ትሳፈራለች፤ የወረደችው እሱ በአጠገቧ በሌለበት ነው። ይህ ከሠርግም ከሥራም የበለጠ የሚመዝን ማስረጃ ይመስለኛል። ቅር የሚያሰኘኝ ሌላ ነው፤ ውሳኔዋን ስትወስን በዓይናችን አላየናትም፣ ከሮስ ጋር ሆነን በስልክ የተተወ መልእክት ላይ ድምፅዋን ብቻ ሰማን። ቅሬታ ያለው ሰው ቅሬታውን በሬቸል ላይ ሳይሆን በደራሲዎቹ በዚህ ምርጫ ላይ ቢያደርገው ያዋጣዋል። በተቃራኒው በካናዳው ኮሜዲ በሺትስ ክሪክ አሌክሲስ የመጨረሻውን ሲዝን የምትጨርሰው ከምትወደው ሰው ተለያይታ ነው፤ እሱ በጋላፓጎስ ደሴቶች ያገኘውን የምርምር ሥራ እንዲቀጥል፣ እሷም የራሷን ሥራ እንዳትተው በፍቅር ተሰነባብተው። ሠርግ የለም፤ ዕድገቱን ግን የሚክድ ተመልካች እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሌላው ስህተት ጥድፊያንና ዕድገት ማጣትን አንድ አድርጎ ማየት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው አባባል ለሀው አይ ሜት ዩር ማዘር መጨረሻ የተባለ ይመስላል። ዘጠነኛው ሲዝን 24 ክፍሎች አሉት፤ አብዛኞቹ የሚያልፉት በባርኒና በሮቢን ሠርግ ዙሪያ ባለ አንድ የሳምንት መጨረሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2014 በታየው የአንድ ሰዓት ማሳረጊያ ግን ያ ሁሉ የተደከመለት ትዳር በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ብዙ ተመልካች «ባርኒ ድሮም አላደገም ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። እዚህ ላይ አንድ የአሠራር ጉዳይ ማወቅ ይጠቅማል። ታሪኩን ለልጆቹ የሚተርከው የቴድ ልጆች የሚታዩበት የመጨረሻው ትዕይንት የተቀረፀው፣ ልጆቹን የሚጫወቱት ተዋንያን ከማደጋቸው በፊት፣ በድራማው የመጀመሪያ ዓመታት ነበር፤ ገፀ ባሕርያቱ በየዓመቱ ሲለወጡ የሚደርሱበት ቦታ አስቀድሞ ተቆልፎ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ባርኒን ወደ ቀድሞ ሴት አሳዳጅ አመሉ የመለሰው ከውስጡ የመነጨ ድክመት ብቻ ሳይሆን ታሪኩ ወደ ተቆለፈው በር መድረስ ስለነበረበትም ነው። ከዚያ ልጅ ሲወለድለት ይለሰልሳል፤ ትዕይንቱ ልብ ይነካል፣ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሲፈተን እምብዛም ስላላየነው በእኔ ሚዛን የተረጋገጠ ዕድገት አልለውም። «አላደገም» እና «ማደጉን ለማየት ጊዜ አልተሰጠንም» የተለያዩ ክሶች ናቸው፤ ተከሳሾቻቸውም የተለያዩ ናቸው።

አንዳንዱ ኮሜዲ ደግሞ ከመነሻው ዕድገት አልገባም ያለ ነው። የሳይንፌልድ ፈጣሪዎች መመሪያ «መተቃቀፍ የለም፣ መማር የለም» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 1998 በታየው መጨረሻ አራቱ ጓደኛሞች የሚታሰሩት ሰው ሲዘረፍ ቆመው በማየታቸውና በመሳቃቸው ነው፤ እስር ቤት ገብተውም ጄሪና ጆርጅ በመጀመሪያው ክፍል ያወሩትን የሸሚዝ ቁልፍ ወሬ ይደግሙታል። ይህን አይቶ «ምንም አልተማሩም» ብሎ መቆጣት የድራማውን ቃል ኪዳን አለማንበብ ነው። የአገራችን ተከታታይ ኮሜዲ «ቤቶች»ም በአብዛኛው በየክፍሉ አንድ ጉዳይ አንሥቶ የሚጨርስ በመሆኑ በዚያው ዓይን ቢታይ ይሻላል።

ተዋናዩንና ገፀ ባሕርይውን ማምታታትም አለ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። በዘ ኦፊስ የመጨረሻ ሲዝን አንዲ ሥራውንም ፍቅረኛውን ኤሪንንም ትቶ ለወራት በጀልባ ይጠፋል፤ ምክንያቱ ተዋናዩ ኤድ ሄልምስ ለፊልም ቀረጻ መሄዱ ነበር። ይህን ማወቅ መጥፋቱን ያስረዳል። ሲመለስ ያሳየው ክፋት ግን የተጻፈ ነውና ከፍርድ አያመልጥም። ከአንድ ሲዝን በፊት ኤሪንን ፍለጋ ፍሎሪዳ ድረስ መኪና የነዳ ሰው ነበር።

በዚሁ ድራማ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ዕድገትን በረጅም ንግግር ውስጥ መፈለግ የሚባለውን ስህተት እንደ አለቃው ማይክል ስኮት የሚያጋልጠው የለም። ማይክልን የሚጫወተው ስቲቭ ካሬል በሰባተኛው ሲዝን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከድራማው ወጥቶ የተመለሰው በ2013ቱ የመጨረሻ ክፍል ነው፤ የተናገረውም ጥቂት ቃል ብቻ ስለሆነ «ምንም ሳይሠራ ሄደ» ብለው የሚያማርሩ አሉ። እነዚህ ተመልካቾች በሦስተኛው ሲዝን የነበረውን የሠራተኛውን የፊሊስን ሠርግ ያስታውሱ። የፊሊስን አባት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ሊያስገባ የተጋበዘው ማይክል፣ አባትየው ከወንበራቸው ተነሥተው በእግራቸው ሲሄዱ የሰው ዓይን ከእሱ ላይ ስለተነሣ ይከፋል፤ ባልተጋበዘበት ንግግር ሙሽሮቹን ያዋርድና ከአዳራሹ ይባረራል። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ የቀድሞ ሠራተኛው የድዋይት ሚዜ ሆኖ በሌላ ሠርግ ላይ ይቆማል። ታዳሚው እሱን በመናፈቅ ተሞልቷል፤ አጋጣሚው በቀድሞ አመሉ የሰውን ሁሉ ዓይን ወደ ራሱ ለመሳብ የተመቸ ነው፤ እሱ ግን ቀኑን ለሙሽሮቹ ይተወዋል። ስለ ኑሮው የምንሰማው ከቀድሞ ሠራተኛው ከፓም ነው፤ የልጆቹ ፎቶ በአንድ ስልክ አልበቃ ብሎት ሁለት ስልክ ይዟል። ሁለቱን ሠርጎች ጎን ለጎን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በመጨረሻው ሲዝን የሚጋነነውን አመልም ከዕድገትም ከውድቀትም መቁጠር አይገባም። ድራማ ሲረዝም ሞኙ የባሰ ሞኝ፣ ሆዳሙ የባሰ ሆዳም ይሆናል፤ ይህ ቀልድ ፍለጋ የሚመጣ የጸሐፊ ድካም ነው።

የቀረው የእኛ የአያያዝ ጉድለት ነው። ፍላሽ ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና፣ ከዚያም መሃል ሜዳ ሲደርስ ቦታ ጠቧል ተብሎ መካከለኛዎቹ ሲዝኖች የሚሰረዙበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ተመልካቹ ከሁለተኛው ዘልሎ ዘጠነኛውን ያይና «በአንድ ጊዜ እንዴት ተለወጠ?» ብሎ ይከራከራል። የታናሽ ታላቁን ወግ ሳይለቁ «ወንድሜ፣ መካከሉን አይተኸዋል?» ወይም «ጋሼ፣ አምስተኛው ሲዝን ደርሶዎታል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም። መልሱ «የለኝም» ከሆነ፣ ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆይቶ የጎደለውን መገልበጥ ነው።