ስሙ ይደርሳል፦ ዕፅዋት፣ እንስሳትና እንጉዳይ ስንመዘግብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰው የማያውቀውን ተክል ወይም ነፍሳት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ምን ይባላል?” ብሎ ነው። የባዮሎጂ ተማሪዎችም፣ ቅዳሜና እሑድ ካሜራ ይዘው ከከተማ የሚወጡ ወዳጆችም ጉልበታቸውን የሚጨርሱት እዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ባይ ነኝ። ስም ዛሬ ባይገኝ ነገ ይገኛል። የዛሬ ሃያ ዓመት አንድ ባለሙያ ናሙናውን አይቶ ሊያርመው ይችላል። የት፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደተገኘ ግን በቦታው ካልተጻፈ በኋላ ማንም አያመጣውም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ስም ለማግኘት ከመቸኮል የሚመጡ ናቸው።

አበባውን ብቻ አንስቶ መሄድ

መስከረም ላይ የአደይ አበባ ፎቶ የማይነሳበት መንደር የለም። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ዝርያ ለመለየት ግን ብዙዎቹ አይጠቅሙም። አደይ አበባ የምንለው አንድ ዝርያ አይደለምና። ቢደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ፣ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ በርካታ ዝርያዎችን ነው በአንድ ስም የምንጠራቸው። ቢደንስ ማክሮፕቴራ አንዱ ነው። ቢደንስ ፓኪሎማ አለ፣ ቢደንስ ፕሬስቲናሪያም አለ። ከላይ ላያቸው ሁሉም ቢጫ ናቸው።

ልዩነቱ የሚወጣው ቅጠሉን፣ ከአበባው ሥር ያሉትን ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠሎችና በተለይ ፍሬውን ስታዩ ነው። ፍሬው ሰፋ ያለ ነው ወይስ ቀጭን? ጠርዙ ላይ እንደ ክንፍ የተዘረጋ ስስ ነገር አለ? ጠጉር አለው? ጫፉ ላይ ሹል ነገር ወጥቷል? ይህን ወገን በጥልቀት ካጠኑት አንዱ ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ናቸው። በበርካታ የቢደንስ ዝርያዎች ሳይንሳዊ ስም መጨረሻ ላይ “መስፍን” የሚል ታገኛላችሁ፤ ስሙን የሰጡት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አበባውን መስከረም ላይ አንሱ፤ ቦታውን ምልክት አድርጉበት። አበባው ረግፎ ፍሬው ሲደርቅ ደግሞ ተመለሱ። ፎቶውም አንድ አይበቃውም። መላው ተክል፣ ቅጠሉ ከፊትና ከጀርባ፣ አበባው ከጎንና ከኋላ፣ ፍሬው፣ አጠገቡም ማስመሪያ ያስፈልጋል። ማስመሪያ የሌለበት ፎቶ ላይ የጥፍር ያህል የሆነውን ነገር ከመዳፍ ያህሉ መለየት አይቻልም።

አንድ ቅርንጫፍ መላውን ዛፍ ይወክላል ብሎ ማሰብም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። ነጭ ባሕር ዛፍን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከጉቶው ያቆጠቆጠው ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ያሉት ቅጠሎች ሰፋፊ ናቸው። አገዳ የላቸውም፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። መልካቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አመድማ ሲሆን በጣት ሲታሹ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ይለቃል። እዚያው ዛፍ አናት ላይ ያለው ቅጠል ደግሞ ረጅም፣ እንደ ማጭድ የጎበጠና ቁልቁል የተንጠለጠለ ነው። ዛፉን የማያውቅ ተመራማሪ ሁለቱን ለየብቻ ቢያያቸው ሁለት ዝርያ ናቸው ቢል አይፈረድበትም።

ኮሶም እንዲሁ ነው። ወንዴውና ሴቴው የሚበቅሉት በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ቀላ ያለውና ጠቅጠቅ ያለው የሴቴው አበባ ከወንዴው ጋር ሲተያይ ሌላ ነገር ይመስላል። ከአንዱ ብቻ ወስዶ “ኮሶ ይህን ይመስላል” ብሎ መጻፍ ግማሹን መተው ነው። የሁለቱን ዛፎች ቅርንጫፍ በአንድ የናሙና ቁጥር ማሰር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። አንድ ዛፍ፣ አንድ ቁጥር።

የቀን አቆጣጠሩን ሳይገልጹ ቀን መጻፍ

ይህ የእኛው አገር ችግር ነው፤ የውጭ መመሪያዎች ላይ አታገኙትም። አንድ ሰው መለያ ወረቀቱ ላይ “5/1/2016” ብሎ ጻፈ እንበል። እሱ መስከረም 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ በፈረንጆቹ መስከረም አጋማሽ 2023። ናሙናው ውጭ አገር ሲደርስ ግን አንዱ ጃንዋሪ 5 ቀን 2016 ብሎ ያነበዋል። አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ ሜይ 1 ይለዋል። ተክሉ አደይ አበባ ከሆነ እንግዲህ በጃንዋሪ ወይም በሜይ ያብባል ተብሎ ሊመዘገብ ነው። የዓመቱ ስህተት ከሰባት ዓመት በላይ ነው። የወቅቱ ስህተት ደግሞ ይብሳል። ተክል መቼ እንደሚያብብ፣ ወፍ መቼ እንደምትፈለፍል የሚያጠናው ሰው የሚሠራው በእነዚህ ቀኖች ነውና።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወሩን በፊደል ጻፉ፤ “ዓ.ም.” ወይም “እ.ኤ.አ.” ጨምሩበት። ብትችሉ ሁለቱንም አስቀምጡ። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። “3 ሰዓት” የጠዋቱ ነው፣ የማታው ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር የሌሊቱ? ስለ ሌሊት ወፍ ወይም ስለ እንቁራሪት ድምፅ የምትመዘግቡ ከሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

“ገብርኤል አጠገብ”

የትኛው ገብርኤል? በየወረዳው አለ። የከተሞቻችን ስምም ይቀያየራል። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ፣ ናዝሬትም አዳማ ሆነዋል። በድሮ ናሙናዎች ላይ ደግሞ አንዱ ቦታ በጣሊያንኛ፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በአቅራቢያ ያለችውን ታዋቂ ከተማ፣ ከእሷ ያለውን ርቀትና አቅጣጫ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ጻፉ።

“ስልኬ ጂፒኤስ አለው” ብሎ ይህን መተው ሌላ ስህተት ነው። ቁጥር ሲገለበጥ ይሳሳታል። አዲስ አበባ በግምት ኬክሮሷ 9.03 ሰሜን፣ ኬንትሮሷ 38.74 ምሥራቅ ነው። ሁለቱን አቀያይራችሁ ብታስገቡ ነጥቡ ከጣሊያኗ የሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ውስጥ ይወድቃል። አጠገቡ “አዲስ አበባ” የሚል ጽሑፍ ካለ ስህተቱን የሚያየው ሰው ወዲያው ያርመዋል። ጽሑፉ ከሌለ ግን መዝገቡ ይጣላል።

“ጫካ ውስጥ” የሚለውም ብዙ አይናገርም። ጥድና ወይራ ያሉበት ደረቅ ደጋ ነው ወይስ የደቡብ ምዕራቡ እርጥብ የቡና ጫካ? ጥላ ውስጥ ነው ወይስ ገላጣ ላይ? በራሱ የበቀለ ነው ወይስ ሰው የተከለው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ለቡናና ለጌሾ አይታለፍም። ከጓሮ የተወሰደ ቅርንጫፍ “የዱር” ተብሎ ከተመዘገበ ካርታውን ሁሉ ያበላሻል።

እንጉዳይን እንደ ቅጠል ማየት

ከሦስቱ በጣም የተበደለው እንጉዳይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። እንጉዳይ ተክል አይደለም። እንዲያውም በዝምድና ከተክል ይልቅ ለእንስሳት ይቀርባል። አያያዙም የተለየ ነው። በጋዜጣ መካከል ከተጫነ ይጨፈለቃል፤ በፌስታል ከተያዘ ማታ ሳይደርስ ይበሰብሳል። በወረቀት ከረጢት ወይም በካርቶን ያዙት፤ እዚያው ቀን በቀስታ በሞቃት አየር አድርቁት።

ከማድረቃችሁ በፊት ግን መጻፍ ያለበትን ጻፉ፤ ከደረቀ በኋላ መልኩም ሽታውም አይገኝም። ቆቡ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ሲቆረጥ ወይም ሲነካ ቀለሙ ይለወጣል? ምን ይሸታል? የበቀለው በሞተ ግንድ ላይ ነው፣ በፋንድያ ላይ ነው ወይስ በአፈር ላይ? አጠገቡ ያለው ዛፍ ምንድን ነው?

አብዛኛው ሰው ከላይ አንድ ፎቶ ያነሳና አገዳውን ከመሬት በላይ ቆርጦ ይሄዳል። ዋናው መለያ ግን ብዙ ጊዜ ከሥር ነው። አማኒታ በሚባለው ወገን፣ ገዳይ የሆኑትም ያሉበት ነው፣ የአገዳው ግርጌ አፈር ውስጥ በተቀበረ ስስ ከረጢት ውስጥ ይቆማል። አገዳው ከተቆረጠ ያ መለያ እዚያው ይቀራል። ክረምት ላይ ከምስጥ ኩይሳ የሚወጣው እንጉዳይ ደግሞ ሥር የሚመስል ረጅም አገዳ አለው። ወደ ታች ወርዶ ምስጦቹ ፈንገሱን ከሚያለሙበት ጎጆ ጋር ይገናኛል። ሳብ ሲያደርጉት ይበጠሳል። በቢላ ዙሪያውን እየቆፈሩ ማውጣት ነው የሚያዋጣው።

ሌላው የሚዘለል ነገር የስፖር፣ ማለትም እንጉዳይ የሚራባበት ደቃቅ ዱቄት፣ ቀለም ነው። ቆቡን ከአገዳው ለዩትና የታችኛውን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ወረቀቱ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ቢሆን ጥሩ ነው። በብርጭቆ ክደኑትና አሳድሩት። ጠዋት ወረቀቱ ላይ ነጭ፣ ሮዝ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ዱቄት ታገኛላችሁ። ይህ ብቻውን የፍለጋውን መንገድ በብዙ ያሳጥራል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በፎቶ ወይም በስልክ መተግበሪያ ተለየ ተብሎ እንጉዳይ አይበላም።

ፎቶ ካለ ናሙና አያስፈልግም ማለት

እ.ኤ.አ. በ1990 ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ አንዲት የሞተች ወፍ አገኙ። በሌሊት እየበረሩ ነፍሳት ከሚለቅሙት ወገን ናት። ይዘው የሄዱት አንድ ክንፏን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያ ክንፍ መነሻ አዲስ ዝርያ ተብላ ካፕሪሙልገስ ሶላላ የሚል ስም ተሰጣት። እዚያው በፎቶ ብቻ ብትታለፍ ኖሮ የላባዎቹን ርዝመትና የነጩን ምልክት ቦታ ከሌሎች ክንፎች ጋር ለክቶ ማስተያየት ባልተቻለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 በግልገል ዓባይ ምንጭ አካባቢ የተያዘችው ውኃ ወዳድ አይጥም የምትታወቀው ከአንድ ናሙና ነው። ያ ናሙና ባይቀመጥ ኖሮ እንዲህ ዓይነት እንስሳ መኖሩን ማን ያምን ነበር?

ይህን ስል ያዩትን ሁሉ ግደሉ ማለቴ አይደለም። ሞቶ የተገኘ፣ የወደቀ ላባ፣ የራስ ቅል፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ብዙ ይናገራል። ተክሉ በቦታው ጥቂት ብቻ ከሆነ ፎቶ አንስታችሁ፣ ቦታውን መዝግባችሁ እለፉ። በጥቂቱ የቀረን ነገር ነቅሎ መሄድ ጥናት አይባልም።

መተግበሪያው የሰጠውን ስም እንደ መጨረሻ መውሰድ

እንደ አይናቹራሊስት ያሉ፣ ሰዎች ያዩትን ሕይወት ያለው ነገር ፎቶ የሚጭኑባቸውና ስሙን የሚፈልጉባቸው የኢንተርኔት መድረኮች ጠቃሚ ናቸው። ፎቶ ታይቶ የሚሰጠው ግምት ግን የሚሠራው ቀድሞ በተሰበሰቡ ፎቶዎች ነው። ከኢትዮጵያ የተላከው ፎቶ ከአውሮፓና ከአሜሪካው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ስለዚህ የደጋችን አበባ ለአውሮፓ ዘመዱ ስም ሊሰጠው ይችላል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ወገኑ ላይ ቁሙ። “ቢደንስ” ብሎ ማቆም ምንም ነውር የለበትም። የተሳሳተ የዝርያ ስም ግን ከመዝገብ ወደ መዝገብ እየተገለበጠ ይሄዳል።

የድሮውን ስም መሰረዝም ስህተት ነው። የአፍሪካ ግራሮች ለረጅም ዘመን አካሺያ ሲባሉ ኖረው ዛሬ ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ በሚባሉ ወገኖች ተከፍለዋል። አካሺያ አቢሲኒካ አሁን ቫቼሊያ አቢሲኒካ ነው። ናሙናው ላይ ያለውን አሮጌ መለያ አትንኩት፤ አዲሱን ስም፣ ማን እንደለየውና መቼ እንደሆነ ጽፋችሁ ሌላ ወረቀት ከጎኑ ለጥፉ። የሰው ስምም ከኋላ ያለ ምክንያት አይጻፍም። ኮሶ “ሀጌኒያ አቢሲኒካ (ብሩስ) ግሜሊን” ተብሎ ሲጻፍ፣ መጀመሪያ ስም የሰጠው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደሆነና ዛሬ ወዳለበት ወገን ያስገባው ግሜሊን እንደሆነ ነው የሚነግረን። ቅንፏን የጣለ ይህን ታሪክ ይጥላል።

የአካባቢውን ስም ስትጽፉ ደግሞ ቋንቋውንና ቦታውን ጨምሩ። አንዱ ስም ጎጃም ሌላ፣ ሸዋ ሌላ ተክል ሊሆን ይችላል።

እስክሪብቶ፣ ክዳንና ቁጥር

እነዚህን በፍጥነት ልለፋቸው። በአልኮል ውስጥ የሚቀመጥ መለያ በእርሳስ ይጻፋል፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። መለያው ጠርሙሱ ውስጥ ይግባ እንጂ ክዳኑ ላይ አይለጠፍ፤ ክዳን ይቀያየራል። ዘረመል ሊጠና የሚችል ነገር ፎርማሊን ውስጥ አይነከርም፤ ጠንከር ያለ፣ 95 በመቶ ገደማ የሆነ አልኮል ይሻለዋል። በጋዜጣ የተጫነ ተክል ወረቀቱ መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ይቀየር፤ ካልሆነ ይሻግታል። የናሙና ቁጥራችሁንም በየጉዞው ከ1 አትጀምሩ። ከመጀመሪያው ናሙና እስከ መጨረሻው አንድ ተከታታይ ቁጥር ይኑራችሁ።

ያለ ፈቃድ መሰብሰብ፣ ሰብስቦም ቤት ማስቀመጥ

የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ስለማግኘት የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 482/1998። የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ለዱር እንስሳትና ለፓርኮች ደግሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አለ። ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ፈቃድ የሌለው ናሙና የቱንም ያህል ብርቅ ቢሆን ብዙ መጽሔቶች አይቀበሉትም። የቀበሌውን ሰዎችና ባለ መሬቱንም አትዝለሉ።

የተሰበሰበው ነገር ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ብል ይበላዋል። ለዕፅዋት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች የሚቀመጡበት ቤት፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን የመዘገበው፣ እንዲህ ባሉ ቤቶች የተቀመጡ ናሙናዎች ባይኖሩ አይሠራም ነበር። ተክሉ በብዛት ካለ ከአንድ በላይ ቅርንጫፍ ውሰዱና በፈቃዱ መሠረት ለተለያዩ ተቋማት አከፋፍሉ። ጀርመናዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ ሺምፐር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አድዋ አካባቢ ለአሥርት ዓመታት ኖሮ የሰበሰባቸው ዕፅዋት ለብዙ የአውሮፓ ተቋማት ተከፋፍለው ነበር። የበርሊኑ ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. በ1943 በቦምብ ሲቃጠል እዚያ የነበሩት አብዛኞቹ ጠፉ። ዛሬ ተመራማሪዎች የሺምፐርን ናሙና ማየት ሲፈልጉ ፓሪስና ለንደን ያሉትን ቅጂዎች ያወጣሉ።