የሌየር ፓነሉ ጠፋ? አንኢንስቶል ከማድረጋችሁ በፊት

ኮምፒውተር ላይ በስዕል ሶፍትዌር እየሳላችሁ ነው። እጃችሁ ሳታስቡት ኪቦርዱ ላይ የሆነ ነገር ነካ። በቃ፣ ግራና ቀኝ የነበሩት ፓነሎች፣ ማለትም መሣሪያዎቹ የተደረደሩባቸው ሳጥኖች፣ ሁሉም እልም ብለው ጠፉ። ብሩሽ የለም፣ ሌየር (ስዕሉ ተደራርቦ የሚሠራበት ንብርብር) የለም፣ አንዳንዴ ሜኑው ራሱ የለም። ስዕሉ ብቻ ፊታችሁ ተዘርግቶ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተደናግጦ ሶፍትዌሩን ነቅሎ እንደ አዲስ ይጭነዋል። እኔም አድርጌዋለሁ። ጠዋት የማስረክበው ሥራ ይዤ፣ ሌሊት፣ የሌየር ፓነሉ አልታይ ሲለኝ ነቀልኩት፣ እንደገና አወረድኩት፣ ጫንኩት፣ ከፈትኩት፤ ፓነሉ አሁንም የለም! ለካ አብዛኞቹ የስዕል ሶፍትዌሮች ፓነሎቹ የት የት እንደተቀመጡ የሚመዘግቡት በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ባለ የሴቲንግ ፋይል ላይ ነው፣ ፕሮግራሙን ስትነቅሉት ደግሞ ያ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ እዛው ይቀራል። አዲስ የተጫነው ፕሮግራም ይመጣና የድሮውን አቀማመጥ አንብቦ ያንኑ ይደግመዋል። ስለዚህ መንቀል መፍትሔ አይደለም፣ ጊዜ ይበላል እንጂ።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ግን ኮንትሮልና ኤስን ተጫኑ። ሜኑው ባይታይም ሴቭ ያደርጋል። ማክ የምትጠቀሙ በኮንትሮል ፈንታ ኮማንድ በሉት።

ከዛ ታብን አንዴ ተጫኑ። ይሄን ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ፎቶሾፕ፣ ክሪታና ጊምፕ ሦስቱም ላይ ታብ ፓነሎቹን የሚደብቀውና የሚመልሰው ቁልፍ ነው። ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ለመሄድ አልትና ታብን ልትጫኑ ስትዘረጉ አልቱ ካመለጣችሁ ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ ተበላሸ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ፎቶሾፕ ላይ ሺፍትና ታብ አንድ ላይ ሲጫኑ የመሣሪያ አሞሌው ይቀርና ሌላው ይሸሸጋል። እዛው ፎቶሾፕ ላይ ኤፍ የምትለዋ ፊደልም አለች። እሷ የስክሪን አሳያየቱን በሦስት ዓይነት ታዞረዋለች፣ ሦስተኛው ሜኑውንም ጭምር ይደብቃል። ኤስኬፕ ብትሉት ይመለሳል። አውቶካድ ላይ ደግሞ ጥፋተኛዋ ብዙ ጊዜ ኮንትሮልና ዜሮ ናት፣ ያንኑ ድገሙት። የጠፋው ከታች ትእዛዝ የምትጽፉበት መስመር ብቻ ከሆነ ኮንትሮልና 9።

ታብ ካልመለሰው ላይኛው ሜኑ ውስጥ ዊንዶው የሚለውን ክፈቱና የጠፋችሁን ፓነል ስም ፈልጉ። ክሪታ ላይ ፓነሎቹ ዶከር ነው የሚባሉት፣ ሴቲንግስ ሜኑ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። ጊምፕ ደግሞ በቅርብ የተዘጉትን ዊንዶውስ ሜኑው ውስጥ ለብቻ ይዘረዝርላችኋል። የጊምፕ መሣሪያዎች ተበታትነው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መስኮት ከሆኑባችሁ፣ እዛው ሜኑ ውስጥ ሲንግል ዊንዶው ሞድ የሚለውን ምልክት አድርጉበት።

አሁን ወደዛች ሌሊት ልመልሳችሁ። ዊንዶው ሜኑ ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ፣ ሌየር የሚለው አጠገብ የራይት ምልክት ነበረ። ማለትም ሶፍትዌሩ ፓነሉን እያሳየሁ ነው ይላል። እኔ አይታየኝም። እውነቱን ነበር፣ እያሳየ ነው፣ ግን ቀን ላይ ነቅዬ የተውኩት ሁለተኛ ሞኒተር በነበረበት ቦታ ላይ! ላፕቶፑን ብቻ ይዤ ነበር የመጣሁት፣ ፓነሉ ግን በሌለ ስክሪን ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ምልክቱ ካለና ፓነሉ ከሌለ መጀመሪያ ይሄን ጠርጥሩ። ፍቱን መድኃኒቱ አቀማመጡን ሪሴት ማድረግ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው፤ ፎቶሾፕ ላይ ዊንዶው፣ ቀጥሎ ወርክስፔስ፣ ከዛ ሪሴት። ጊምፕ ላይ ፕሪፈረንስ ውስጥ ዊንዶው ማኔጅመንት የሚል ክፍል አለ፣ የመስኮቶቹን ቦታ ወደ መጀመሪያው የሚመልስ በተን እዛ ታገኛላችሁ።

ፓነሉ ሳይሆን ጠቅላላ ፕሮግራሙ ከስክሪን ውጪ ከሄደ ግን ሌላ ዘዴ አለ፣ ለዊንዶውስ ነው። በአልት ታብ ፕሮግራሙን ምረጡት። አልትና ስፔስ ተጫኑ። ቀጥሎ ኤም። ከዛ ከአራቱ ቀስቶች አንዱን አንዴ ብቻ ንኩ። አሁን ማውሱን ስታንቀሳቅሱ መስኮቱ ጠቋሚው ላይ ተለጥፎ ከጠፋበት እየተጎተተ ይመጣል፣ የፈለጋችሁበት ስታደርሱት ክሊክ አድርጉና ልቀቁት። ኤም አልሠራ ካለ መስኮቱ ሙሉ ስክሪን ላይ ነው ማለት ነው፣ መጀመሪያ የዊንዶውስ ቁልፍና የታች ቀስት ተጫኑ።

አንዳንዴ ደግሞ ፓነሉ አለ፣ የጠፋው ስዕሉ ነው። ዙም ስታደርጉ ርቃችሁ ሄዳችኋል። ስዕሉን በስክሪኑ ልክ ለመመለስ፦ ፎቶሾፕ ላይ ኮንትሮልና ዜሮ፣ ክሪታ ላይ 2 ቁጥር፣ ኢንክስኬፕ ላይ 5 ቁጥር፣ አውቶካድ ላይ ዜድ ብላችሁ ኢንተር፣ ኢ ብላችሁ ኢንተር። ክሪታ ላይ ወረቀቱ ተጣሞ ከታያችሁ 5 ያቃናዋል፣ ግራው ቀኝ ከሆነ ኤም ነክታችኋል፣ ድገሟት።

ጽሑፉ በጣም ትንሽ ሆኖ አልነበብ ካለ ወይም ሁሉም ነገር ከደበዘዘ ጉዳዩ ስኬሊንግ፣ ማለትም ጽሑፍና አይከኖች ስክሪን ላይ የሚታዩበት መጠን ነው። ፎቶሾፕ ላይ ፕሪፈረንስ፣ ኢንተርፌስ፣ ዩአይ ስኬሊንግ ውስጥ ገብታችሁ ቀይሩት፣ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ነው የሚሠራው። ቆየት ላሉ ሶፍትዌሮች ዊንዶውስ ላይ አይከኑን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዛ የሃይ ዲፒአይ ሴቲንጉን ክፈቱና ጽሑፉ ካነሰ ስኬል የሚያደርገው ሲስተሙ፣ ከደበዘዘ ደግሞ አፕሊኬሽኑ ራሱ እንዲሆን ምረጡ።

ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው ግን ሸራው ጥቁር ሲሆን ወይም ብልጭ ድርግም ሲል ነው። ሥራዬ ተበላሸ ብላችሁ ፋይሉን እንዳትሰርዙት፣ አደራ! አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ደህና ነው፣ ችግሩ ግራፊክስ ካርዱ ስክሪን ላይ የሚያወጣበት መንገድ ነው። ለማረጋገጥ በግራፊክስ ካርድ መጠቀሙን ለጊዜው አጥፉት። ፎቶሾፕ ላይ ፕሪፈረንስ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ የግራፊክስ ፕሮሰሰሩን ምልክት አንሱ። ክሪታ ላይ ኮንፊገር ክሪታ፣ ዲስፕሌይ ውስጥ አክስለሬሽኑን አጥፉ። ዘግታችሁ ክፈቱት፣ ስዕሉ ከተመለሰ ጥፋተኛው ታወቀ ማለት ነው። እንደዛው አትተዉት ግን፣ ፍጥነቱ ይወርዳል። ክሪታ ዊንዶውስ ላይ ሬንደረሩን (ስዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣውን ክፍል) ከዳይሬክት 3ዲ ወደ ኦፕን ጂኤል ወይም በተቃራኒው መቀየር ያስችላል፣ እሱን ሞክሩ፤ ድራይቨሩንም (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ አውርዳችሁ አድሱ። ላፕቶፓችሁ ሁለት ግራፊክስ ካርድ ካለው የዊንዶውስ ሴቲንግ ገብታችሁ፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ውስጥ ለዛ ፕሮግራም ሃይ ፐርፎርማንስ ስጡት። ጠቅላላ ስክሪኑ ከደረቀ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ የምትለዋን ፊደል አንድ ላይ ተጫኑ፣ ስክሪኑ ለአፍታ ጠፍቶ ይመለሳል፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ እንደ አዲስ ተነሳ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ የሴቲንግ ፋይሉን ራሱን ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው የሚቀረው። ብሩሾቻችሁንና አክሽኖቻችሁን (በአንድ ክሊክ እንዲደገሙ የቀዳችኋቸውን ሥራዎች) ግን መጀመሪያ ኤክስፖርት አድርጉ፣ ለዓመታት የሰበሰባችሁት በአንድ ክሊክ እንዳይሄድ። ፎቶሾፕ እየተከፈተ እያለ ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍትን አንድ ላይ ያዙ፣ ሴቲንግ ፋይሉን ልሰርዝ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። ክሪታ ላይ ክሪታአርሲ (kritarc) የምትባለዋን የሴቲንግ ፋይል አትሰርዟት፣ ስሟን ብቻ ቀይሩት፣ ክሪታ አዲስ ይሠራል፣ ካልረዳ ስሟን ትመልሱታላችሁ። ብሩሾቹ ሌላ ፎልደር ውስጥ ስለሆኑ አይነኩም።

ፓነሎቹ እንደምትፈልጉት ከተመለሱ በኋላ ያንኑ ቀን፣ ያንኑ ሰዓት፣ ፎቶሾፕና ክሪታ ላይ ዊንዶው ውስጥ ወርክስፔስ ብላችሁ አቀማመጡን በስም ሴቭ አድርጉት። ሁለት ሞኒተር የምትጠቀሙ ሁለት አድርጉ፣ አንዱን ለሁለት ስክሪን፣ አንዱን ለላፕቶፑ ብቻ። እኔ ከዛች ሌሊት ወዲህ ገመዱን ስነቅል መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ አቀማመጥ እቀይራለሁ፣ ከዛ ነው የምነቅለው።